ስምንቱ ጨረሮችና ከጨረሩ ውጭ የቀሩት፦ የፊሊፒንስ አብዮት በመድረክና በድርሰት

ሰንደቅ ዓላማም የኪነ ጥበብ ሥራ ነው። ቀለም አለው፤ ቅርጽ አለው፤ የሚናገረው ታሪክ እንዳለ ሁሉ የሚሸሽገውም አለ። ጁን 12 ቀን 1898 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በካቪቴ አውራጃ በካዊት ከተማ የፊሊፒንስ ነፃነት ሲታወጅ የተነበበው ሰነድ፣ በሰንደቁ ላይ የተሣለችው ፀሐይ ስምንት ጨረሮች ምን እንደሚወክሉ በዝርዝር አስፍሯል። በስፔን ላይ በመጀመሪያ የተነሡት ስምንት አውራጃዎች ናቸው ይላል፤ ማኒላ፣ ካቪቴ፣ ቡላካን፣ ፓምፓንጋ፣ ኑኤቫ ኤሲሃ፣ ባታአን፣ ላጉናና ባታንጋስ። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የስፔኑ ጠቅላይ ገዥ ራሞን ብላንኮ ወታደራዊ ሕግ ያወጀባቸው አውራጃዎችም ስምንት ነበሩ። በእርሱ ዝርዝር ውስጥ ግን ባታአን የለም፤ በቦታው የሚገኘው ታርላክ ነው። ጠላት የጻፈው ዝርዝርና ነፃ አውጪው የጻፈው ዝርዝር በአንድ ስም ተለያዩ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለታርላክ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ሦስቱ ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሉዞን፣ ቪሳያስና ሚንዳናኦ ተብለው ይተረጐማሉ፤ በ1898ቱ ሰነድ ግን በቪሳያስ ቦታ የተጻፈው ፓናይ የተባለው አንድ ደሴት ብቻ ነው።

አብዮቱ ከማኒላ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ አውራጃዎችና ደሴቶች እንዴት ተዛመተ? ይህ የታሪክ ምሁራን ጥያቄ ብቻ አይደለም። አብዮቱን በመድረክ፣ በልብ ወለድና በፊልም ሊያሳዩ የተነሡ የፊሊፒንስ ደራስያን ሁሉ በየጊዜው መልስ እንዲሰጡበት ግድ ሆኖባቸዋል። መልሳቸውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በመሐል አገር እሳት ይጫራል፤ ነፋስ ይነሣል፤ ዳር አገሩ ይቀጣጠላል። የመሐል አገሩ ሰው ይናገራል፤ የዳር አገሩ ሰው ይሰማል፤ በመጨረሻው ገቢር መጥቶ ይሞታል። በዚህ አቀራረብ ዳር አገሩ የገደል ማሚቶ እንጂ የራሱ ድምፅ የለውም። ከዚህ ልማድ ያፈነገጡት ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ ሊመረመሩ የሚገባቸውም እነርሱ ናቸው።

ለመሆኑ እሳቱ በካቪቴና በላጉና ፈጥኖ የያዘው ለምንድን ነው? መልሱ ከስብከት ይልቅ ከመሬት ይገኛል። በማኒላ ዙሪያ ባሉት የታጋሎግ አውራጃዎች ሰፋፊውን ለም መሬት የያዙት የስፔን መነኮሳት ማኅበራት ነበሩ። ገበሬው ጭሰኛ ነበር፤ ነፍሱንም ግብሩንም የሚቈጣጠሩት እነዚያው መነኮሳት ነበሩ። የደራሲው የሆሴ ሪዛል ቤተ ሰቦች ሳይቀሩ በላጉና በካላምባ የዶሚኒካኖች ርስት ተከራዮች ስለ ነበሩ፣ ክርክሩ ሲከር ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋር ተፈናቅለዋል። በፓናይና በኔግሮስ ደሴቶች ግን ኑሮው ሌላ ነበር። የኢሎኢሎ ወደብ በ1855 ለውጭ ንግድ ከተከፈተ ወዲህ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተስፋፋ፤ መሬቱን የጨበጡትም በአብዛኛው የአገሩ ተወላጆችና ድቅል የሆኑ ከበርቴዎች ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ዐይን ከመነኮሳቱ ይልቅ በስኳር ገበያ ላይ ያረፈ ነበር። እንግዲህ ቅኝ ገዢው አንድ ቢሆንም የተገዢው ሕይወት አንድ አልነበረም። ይህን ያልተረዳ ተውኔት የአብዮቱን መዛመት በአየር ላይ ከመሣል አያልፍም።

ሪዛል ይህን ጉዳይ ከሁሉ ቀድሞ ያስተዋለ ይመስላል። በ1887 በበርሊን የታተመው «ኖሊ ሜ ታንሄሬ» እና በ1891 በጌንት የታተመው «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» የተጻፉት ገበሬው በማያነበው በስፓኝኛ ነው። የሁለተኛው መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሙን የጌጣጌጥ ነጋዴ መስሎ ወደ ማኒላ ይመለሳል። ፈንጂ የተሸሸገበት መብራት በሰርግ ቤት አስቀምጦ ባለሥልጣኖቹን በአንድ ሌሊት ሊፈጅ ያቅዳል። መብራቱ ግን ወንዝ ውስጥ ይጣላል፤ ሴራው ይከሽፋል። ስለ ሲሙን ብዙ ቀለም ፈስሷል። ይሁንና በመጽሐፉ ውስጥ ሥጋና ደም ለብሶ የሚታየው ሰው እርሱ አይደለም፤ ካቤሳንግ ታሌስ የተባለው ገበሬ ነው። ታሌስ ጫካ መንጥሮ መሬት ያቀናል። መሬቱ የእኛ ነው የሚሉ መነኮሳት ይመጡበታል። ግብሩን በየዓመቱ ይጨምሩበታል፤ ይሟገታል፤ ይረታል፤ በመጨረሻም ይሸፍታል። ሲሙን ብዙ ይናገራል፤ ታሌስ ብዙ አይናገርም፤ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ የሚከተለው ግን ታሌስ ነው። ልብ ወለዱ በታተመ በአምስት ዓመቱ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ካቲፑናን የተባለው ምሥጢራዊ ማኅበር በማኒላ ጠርዝ በሳን ሁዋን ዴል ሞንቴ ኦገስት 30 ቀን 1896 ያደረገው ጥቃት ከሸፈ። ጭሰኛው በበዛበት በካቪቴ ግን አማፅያኑ በቀናት ውስጥ ከተማ ከከተማ ያዙ።

ካቲፑናን ጁላይ 7 ቀን 1892 በማኒላ የተመሠረተ ነው። መሪው አንድሬስ ቦኒፋስዮ የቶንዶ ሰፈር ልጅ፣ የንግድ ቤት ሠራተኛ፣ ደግሞም የሰፈር ትያትር ተዋናይ እንደ ነበር ይነገራል። ይወደው ነበር የሚባለው ገጸ ባሕርይ በርናርዶ ካርፕዮ ነው። ይህ በአፈ ታሪክ በሁለት ተራሮች መካከል ተጣብቆ የታሰረና አንድ ቀን ተፈትቶ ወገኑን ነፃ ያወጣል ተብሎ የሚጠበቅ ጀግና ነው። በ1895 በሰሙነ ሕማማት ቦኒፋስዮና ጓዶቹ አፈ ታሪኩ ወደሚያመለክተው ወደ ሞንታልባን ተራሮች ወጡ፤ በፓሚቲናን ዋሻ ግድግዳ ላይም የነፃነት ቃል ጻፉ። የፖለቲካ ስብሰባ ነበር ወይስ ተውኔት? ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ሬይናልዶ ኢሌቶ በ1979 ባሳተመው «ፓስዮንና አብዮት» በተባለው መጽሐፉ ያሳየውም ይህንኑ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም የሚያዜመው የክርስቶስ ሕማማት ግጥም፣ መከራን፣ ጉዞንና ትንሣኤን ለገበሬው የሚያስረዳ የአብዮት ቋንቋ ሆኖ እንዳገለገለ ተንትኗል። መጽሐፉ ታላቅ ነው። ነገር ግን የሚመረምረው የታጋሎግን ምድር ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ትንታኔ እንዳለ ወደ ኔግሮስ ተራራ የሚያሻግሩ ተከታዮቹ ይሳሳታሉ። በዚያ ተራራ ከሕማማቱ ዜማ እኩል የሚሰማ ሌላ ድምፅ ነበር፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1896 በኑኤቫ ኤሲሃ የሆነውን ሳይጠቅሱ ስለ ትያትር ማውራት አይቻልም። የካቢያዎ ከተማ ሹም የነበረው ማሪያኖ ያኔራ ተከታዮቹን አሰልፎ የአውራጃውን ዋና ከተማ ሳን ኢሲድሮን ሲወጋ፣ ከፊት የቀደመው የካቢያዎ የማርሽ ሙዚቃ ጓድ ነበር። ጠመንጃ ያለው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የያዘው ጎራዴና ቀርከሃ ነው። ፊት ለፊት ግን ጥሩምባና ከበሮ ይሄዳል! በየበዓሉ ለቅዱሳን ሥዕል የሚነፋው ጥሩምባ ያን ቀን ለሌላ ሥራ ወጣ። ውጊያው በድል አልተፈጸመም። ለመድረክ ግን ከዚህ የበለጠ የመክፈቻ ትዕይንት ከየት ይገኛል? ታላላቆቹ ፊልሞች ይህን ትዕይንት ትተው የግብር ወረቀት ሲቀደድ ብቻ ደጋግመው ማሳየታቸው ያስገርማል።

ከመሐል ወደ ዳር የሚለውን ሥዕል ከሁሉ ይበልጥ የሚያፈርሰው ግን የማተሚያ መኪናው ታሪክ ነው። ካቲፑናን «ካላያአን» (ነፃነት ማለት ነው) የተባለ ጋዜጣ በ1896 መጀመሪያ ሲያሳትም አባላቱ በፍጥነት ተበራከቱ፤ የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። የማተሚያውን ዋጋ ግን ማን ከፈለ? ካንዲዶ ኢባንና ፍራንሲስኮ ዴል ካስቲዮ የተባሉ ሁለት የፓናይ ሰዎች በአውስትራልያ ባሕር ዕንቍ ሲለቅሙ ኖረው ሎተሪ ደረሳቸው። ወደ ማኒላ ሲመለሱ የካቲፑናን አባል ሆኑ፤ ከደረሳቸውም ገንዘብ 400 ፔሶ ለማኅበሩ ሰጡ። ከማኒላ ወደ ዳር አገር ተዛመተ የሚባለው ቃል የታተመው እንግዲህ ከዳር አገር በመጣ ገንዘብ ነው። ሁለቱም ከዚያ ወደ ትውልድ አገራቸው ተልከው በአክላን ሕዝቡን አደራጁ። ዴል ካስቲዮ በማርች 1897 በካሊቦ ከተማ አደባባይ በጥይት ተመቶ ወደቀ። ኢባን በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ከተረሸኑት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንዱ ሆነ። ዕንቍ ጠላቂ፣ ሎተሪ፣ ማተሚያ መኪና፣ ግድግዳ ሥር መረሸን፤ ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ ተጋነነ ይባል ነበር።

ከአክላን ጥቂት ርቃ በዚያው በፓናይ ደሴት ያለችው ኢሎኢሎ በዚያው ወራት ምን ታደርግ ነበር? የከተማዋ ባለጸጎች ወደ 500 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞችን አልብሰው ወደ ሉዞን ላኩ፤ አብዮቱን እንዲወጉ። ስፔንም ለዚህ ታማኝነት ከተማዋን በክብር ስም ሸለመቻት። ማርቲን ዴልጋዶ በስፔን የተሾመ የበጎ ፈቃደኞች አዛዥ ነበር፤ በ1898 ግን ከነሠራዊቱ ወደ አብዮቱ ተሻግሮ የቪሳያስ ታላቅ መሪ ሆነ። ይህን ታሪክ በበዓል ቀን የሚነገሩ ድርሰቶች ከመካከል ጀምረው ነው የሚተርኩት፤ ዴልጋዶ ጀግና ሆኖ ይወለዳል፤ 500ዎቹ ሰዎች ግን ከመድረኩ ይጠፋሉ። ሰው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገርበት ሌሊት ተዘልሎ ምን ዓይነት ተውኔት ይጻፋል? ጀግንነቱን የሚያጐላው ያ የተሸሸገው የመጀመሪያ ገቢር ነው።

ሴቡ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት፤ ፈጥኖ የደረሰላት ደራሲ ነበራት። ኤፕሪል 3 ቀን 1898 የሆሳዕና ዕለት ነበር። በኔግሮስ በባኮንግ ተወልዶ በሰርከስ ቡድን ውስጥ ሠርቷል የሚባለው፣ ክታብ አለው እየተባለ የሚፈራው ፓንታሌዮን ቪሌጋስ የሴቡን አማፅያን መራ። ሕዝቡ የሚያውቀው ሊዮን ኪላት በሚለው የትግል ስሙ ነው፤ ኪላት በቋንቋቸው መብረቅ ነው። ስፔናውያኑ ወደ ሳን ፔድሮ ምሽግ ገቡ፤ ከተማው ለጥቂት ቀናት በአማፅያኑ እጅ ሆነ፤ የጦር መርከብና ተጨማሪ ጦር ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሊዮን ኪላት በካርካር ከተማ በወገኖቹ ተከድቶ የተገደለው በስቅለት ዓርብ ነው። ከሆሳዕና እስከ ስቅለት! ቪሴንቴ ሶቶ «ለትውልድ አገር ፍቅር» የሚል ትርጓሜ ያለውን ተውኔቱን በሴቡአኖ ቋንቋ ጽፎ በ1902 መድረክ ላይ ሲያቀርብ፣ ከተመልካቹ ብዙው ያን ሳምንት በዐይኑ ያየ ነበር። የሶቶ ታላቅ ድፍረት ነገሥታትንና ልዕልታትን ከመድረክ አውርዶ የሴቡን ሰው በሴቡ ልብስና በሴቡ ቋንቋ ማቆሙ ነው። ቋንቋው የተዋሰው አይደለም፤ ሐዘኑም እንዲሁ። በዚህ ተውኔት ማኒላ የምትሰማው ከሩቅ ነው፤ የገደል ማሚቶነቱ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሐል አገር ደረሰው።

የኔግሮስ ጉዳይ ደግሞ ከሣቅ ጀምሮ ወደ ሌላ ይሄዳል። ኖቬምበር 5 ቀን 1898 አኒሴቶ ላክሶንና ሁዋን አራኔታ የመሩት ሕዝብ ባኮሎድ ከተማን ከበበ። የያዙት መድፍ ከቀርከሃ የተሠራ ሰሌን ተጠቅልሎ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር፤ ጠመንጃውም ከዘንባባ ዝንጣፊ የተቀረጸ ነው። ከሩቅ ያየው የስፔን ጦር በማግስቱ እጁን ሰጠ። ግዛቱን ያሸነፈው የመድረክ ዕቃ ነው ቢባል አያሳስትም፤ የኔግሮስ ሰውም በየዓመቱ በዓሉን ሲያከብር በዚህ ይሥቃል። ነገር ግን መድፉን ቀለም የቀቡት እነማን ነበሩ? መሪዎቹ የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ናቸው። የራሳቸውን መንግሥት አቋቁመው ብዙም ሳይቈዩ፣ በ1899 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ጥበቃ ሥር ገቡ። በዚያው ደሴት ተራራ ላይ ግን ፓፓ ኢስዮ የተባለው መሪ ከ1896 ጀምሮ ይዋጋ ነበር። ባባይላን ከሚባሉት የጥንቱ እምነት አዋቂዎች ወገን ነው፤ የተከተሉትም መሬት አልባ የሸንኮራ ሠራተኞችና ገበሬዎች ነበሩ። ስፔን ሄደች፤ እርሱ አልወረደም። አሜሪካ መጣች፤ እርሱ አልወረደም። እጁን የሰጠው በ1907 ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሌላ ድምፅ ይህ ነው። ቀለም የተቀባውን መድፍ ብቻ የሚያሳይ ተውኔት አስቂኝ ነው፤ ፓፓ ኢስዮን ጨምሮ የሚያሳይ ተውኔት ግን በዓሉን ለሚያከብሩት ባለርስቶች አይመቻቸውም። ልዩነቱ የመደብ ልዩነት ነው፤ በአበባ ጕንጕን አይሸፈንም።

አሜሪካ ፊሊፒንስን ከያዘች በኋላ በማኒላና በአካባቢዋ የተነሡት ተውኔቶች በድፍረታቸው ሊደነቁ ይገባል። የ1901ዱ ሕግ ስለ ነፃነት መናገርን ወንጀል ባደረገበት ጊዜ፣ አውሬልዮ ቶለንቲኖ «ትላንት፣ ዛሬና ነገ» የሚል ፍቺ ያለውን ተምሳሌታዊ ተውኔቱን ሜይ 14 ቀን 1903 በማኒላ አቀረበ፤ ታሰረም። ሆኖም አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። ኢናንግባያን፣ ማለት እናት አገር፣ ልጆቿ ሁሉ የሚወከሉበት ጀግና ስሙ ታጋኢሎግ ነው። ቃሉ «የወንዝ ሰው» ማለት ነው፤ ታጋሎግ የሚለው የሕዝብ ስም የወጣበት እንደ ሆነም ይታመናል። ደራሲው ራሱ ግን ታጋሎግ አልነበረም፤ የፓምፓንጋ ሰው ነው። የገዛ ወገኑን ስም ትቶ የሌላውን ስም ለሁሉ አለበሰ። ለዚህ ያበቃው የካቲፑናን ትምህርት መሆኑ አያጠራጥርም። የማኅበሩ ወጣት ደራሲ ኤሚልዮ ሃሲንቶ ለአባላት ባዘጋጀው መምሪያ፣ ታጋሎግ ሲባል ቪሳያውም፣ ኢሎካኖውም፣ ፓምፓንጋውም፣ በደሴቶቹ የተወለደ ሁሉ ማለት ነው ብሎ አብራርቷል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ቅኝ ገዢው «ኢንዲዮ» እያለ ያዋረደውን ሁሉ በአንድ ክብር ሊጠራ ፈልጓል። ግን ለኢሎኢሎ ሰው፣ የጎረቤቱን ስም የራስህ ስም ነው ማለት ግብዣ ነው ወይስ መዋጥ? ቶለንቲኖ ጥያቄውን አልጠየቀም። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ ሳይጠይቁ አልፈዋል።

ከዚህ የባሰው ዝምታ በደቡብ በኩል ነው። በየመንደሩ የሚታየውና ሕዝቡ የሚወደው ትያትር፣ ሞሮ-ሞሮ የሚባለው፣ ክርስቲያን ነገሥታት ሙስሊሞችን ድል የሚያደርጉበት ተውኔት ነበር። የበርናርዶ ካርፕዮ ታሪክም ከዚሁ ዓለም የመጣ ነው። አብዮተኛው የተማረበት መድረክ ራሱ የሱሉንና የማጊንዳናኦን ሙስሊሞች በጠላትነት አሰልፏቸዋል። እነዚህ ሕዝቦች ግን ከካቲፑናን በፊት ለሦስት መቶ ዓመታት ከስፔን ጋር ሲዋጉ የኖሩ ናቸው። የአጊናልዶ መንግሥት በ1899 መጀመሪያ ለሱሉ ሱልጣን የወዳጅነት ደብዳቤ ቢጽፍም፣ በየበዓሉ በእንጨት ጎራዴ የሚወድቀው ሞሮ በሕዝቡ ልብ ውስጥ የሠራው ሥራ በአንድ ደብዳቤ አይፈርስም።

የቅርቡ ዘመን ሥራዎችስ? ፍራንሲስኮ ሲዮኒል ሆሴ በ1984 ያሳተመው «ፖ-ኦን» ከሁሉ የተሻለ መንገድ መርጧል። ኢስታክ የተባለውን የኢሎኮስ ልጅና ቤተ ሰቡን ከተወለዱበት መንደር አፈናቅሎ ወደ ፓንጋሲናን ያሰድዳቸዋል። አብዮቱ ለኢስታክ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እንደ አዋጅ አይደለም፤ እንደ እንግዳ ደጁን ያንኳኳል። ኢስታክ ተጠራጥሮ ነው የሚከተለው፤ በ1899 በቲራድ መተላለፊያም ይሞታል። ጥርጣሬው የመጽሐፉ ጥንካሬ ነው። በአንጻሩ በ2012 እና በ2014 የታዩት የአጊናልዶና የቦኒፋስዮ ፊልሞች አንድ ክርክር ይዘው ተፋጠዋል፦ በማርች 1897 በቴሄሮስ ስብሰባ የሕግ ትምህርት የለህም ተብሎ የተዋረደውና በሜይ 10 በወገኖቹ የተረሸነው ቦኒፋስዮ በደሉ የማን ነው? ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከካቪቴ አጥር አይወጣም። በ2015 ብዙ ሕዝብ ያየው «ኼኔራል ሉና» ከእነዚህ ይሻላል፤ ወታደሩ ለአገር ከመታዘዝ በፊት ለአውራጃው ሹም ሲታዘዝ የሚያስከትለውን ጥፋት አሳይቷል። ግን እርሱም የአውራጃ ፍቅርን በሽታ አድርጎ ብቻ ነው የሚያየው። ዴል ካስቲዮን ካሊቦ አደባባይ ድረስ የወሰደው ያው ፍቅር አልነበረምን?

በፀሐይዋ ላይ ለሙስሊሙ ሕዝብ ዘጠነኛ ጨረር ይጨመር የሚል ሐሳብ በፊሊፒንስ ምክር ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቦ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ጨረሮቹ እስከ ዛሬ ስምንት ናቸው።

ኖቬምበር 17 ቀን 1898 ያ ሰንደቅ ዓላማ በኢሎኢሎ አቅራቢያ በሳንታ ባርባራ አደባባይ ሊሰቀል ታስቦ ነበር፤ መንገዱን ግን የስፔን ዘበኞች ይዘውታል። ፓትሮሲንዮ ጋምቦአ የተባለች የሃሮ ሴት ሰንደቁን ከቀሚሷ ሥር በሰውነቷ ላይ ጠምጥማ ከአንድ መኮንን ጋር ተጓዘች። ዘበኞቹ ዘንድ ሲደርሱ ሁለቱ ባልና ሚስት መስለው መጣላት ጀመሩ፤ እርሷ ትጮኻለች፣ ትሳደባለች። ዘበኞቹ በሰው ትዳር ሥቀው አሳለፏቸው። ከቀሚሷ ሥር ስምንት ጨረሮችና ሦስት ከዋክብት ነበሩ። ከጨረሮቹ አንዱም የእርሷ አውራጃ አልነበረም፤ ከከዋክብቱ ግን አንዱ ፓናይ ነበር።